ጫናው የት ያርፋል? የሴቶች የውስጥ ልብስ ታሪክ በምሕንድስና ዓይን

መግቢያ

አንድ መሐንዲስ ድልድይ ወይም ጣሪያ ሲነድፍ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ጫናው ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ የት ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለብረትና ለሲሚንቶ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጠው፣ ስሙ እንኳ በአደባባይ በዝግታ የሚጠራው የሴቶች የውስጥ ልብስም የተወለደው ከዚሁ ጥያቄ ነው። የአማርኛው ስያሜ ራሱ ለዚህ ምስክር ይሆናል። እንግሊዞች ከፈረንሳይኛ ተውሰው «ብራዚየር» የሚሉት ቃል ሥሩ ክንድ ሲሆን፣ አማርኛ ግን ዕቃውን በሥራው ጠርቶ «የጡት መያዣ» ይለዋል። መያዣ ማለት በምሕንድስና አነጋገር ጫና ተሸካሚ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው በአውሮፓና በአሜሪካ የሴቶች የውስጥ ልብስ ያለፈበት ለውጥ ነው። ፋሽን በየጊዜው የሚለዋወጥ መልክ መሆኑ የታወቀ ነው። ከመልኩ በስተጀርባ ግን ዓሣ ነባሪ፣ ብረት፣ ላስቲክና ናይለን በተራ የገቡበት የቁሳቁስ ታሪክ ይገኛል። ከዚህም ታሪክ ጋር የማይነጣጠል ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ልብሱን የሚነድፈው፣ የሚሰፋውና የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። የእነዚህ ሦስት ሰዎች መራራቅና መቀራረብ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ ከጓዳ ተነሥቶ እስከ ጨረቃ የደረሰ ውጤት አስከትሏል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጨርቅ መቀነት ወደ ዓሣ ነባሪ

በጥንቱ ዓለም የሴቶች የውስጥ ልብስ ቀላል ነበር። በሲሲሊ ደሴት፣ በፒያሳ አርሜሪና ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የ4ኛው መቶ ዓመት የሮማውያን ሕንፃ ወለል ላይ፣ በጥቃቅን ድንጋዮች በተሠራ ሥዕል፣ ስፖርት የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ይታያሉ። ደረታቸው ላይ የጨርቅ መቀነት አሥረዋል፤ ከወገባቸው በታች ደግሞ አጭር ሙታንታ መሰል ነገር ለብሰዋል። የጨርቁ ሥራ ሰውነቱ እንዳይናወጥ መያዝ ብቻ ነበር። የሰውነትን ቅርጽ ለመለወጥ አልተሞከረም።

የጡት መያዣ የ20ኛው መቶ ዓመት ፈጠራ ነው የሚለው የቆየ አስተያየትም በቅርቡ ተሻሽሏል። በኦስትሪያ፣ በሌንግበርግ ግንብ ውስጥ በ2008 በተደረገ እድሳት ከወለል በታች የተገኙ የጨርቅ ቁርጥራጮች ተመርምረው ነበር። ከመካከላቸው ለየጡቱ የተለየ ከረጢት ያላቸው፣ ከተልባ እግር ድር የተሠሩ የጡት መያዣዎች ተገኙ፤ ዕድሜያቸውም ከ15ኛው መቶ ዓመት መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ሐሳቡ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው። ኋላ ግን ለረጅም ዘመን በሌላ ሐሳብ ተሸፈነ።

ያ ሌላ ሐሳብ ኮርሴት ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የሴት ልብስ ከደረት እስከ ወገብ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተፈለገ። ጨርቅ በራሱ ቀጥ ብሎ ሊቆም ስለማይችል በውስጡ የሚገባ ዘንግ አስፈለገ። ለዚህ የተመረጠው ቁሳቁስ «የዓሣ ነባሪ አጥንት» የተባለው ነው። አጥንት ይባል እንጂ አጥንት አይደለም። ጥርስ የሌላቸው ዓሣ ነባሪዎች ምግባቸውን ከባሕር ውኃ የሚያጣሩበት፣ ከላይኛው መንጋጋቸው የሚንጠለጠል ዝርግ አካል ሲሆን፣ እንደ ጥፍርና እንደ ቀንድ ካለ ነገር የተሠራ ነው። በቁመቱ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። በሙቅ ውኃ ወይም በእንፋሎት ሲለሰልስ የተፈለገውን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝም ያንኑ ቅርጽ ይጠብቃል። ቢታጠፍ ሳይሰበር ወደ ቦታው ይመለሳል። ፕላስቲክ ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያሉ ጠባዮችን አጣምሮ የያዘ ሌላ ቁሳቁስ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

አሠራሩም በደንብ የታሰበበት ነበር። ከኋላ ወይም ከፊት የሚሳበው ማሰሪያ ውጥረት ይፈጥራል፤ ጨርቁ ውጥረቱን በአካል ዙሪያ ያከፋፍላል፤ ዘንጎቹ ደግሞ ጨርቁ ተጨማዶ ወገብ ላይ እንዳይሰበሰብ ያደርጋሉ። ከላይ የሚለበሱት ከባድ ጉርዶች ክብደታቸው በዚሁ ቅርፊት ላይ ስለሚያርፍ ማሰሪያዎቻቸው በቀጥታ ሥጋን አይቆርጡም። በዚህ ረገድ ኮርሴት እውነተኛ አገልግሎት ነበረው። ነገር ግን የጫናው ሁሉ መዳረሻ አንድ ቦታ፣ ይኸውም የለባሿ ወገብ ሆነ።

ይህን ልብስ የመሥራት መብት የማን እንደነበረ መመልከትም ይጠቅማል። በ1675 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የፓሪስ ሴት ሰፊዎች የራሳቸውን የሙያ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ሴቶች ለሴቶች መስፋት በሕግ ቻሉ። ሆኖም በዓሣ ነባሪ ዘንግ የሚጠነክረውን ደረት አጥባቂ ልብስ መሥራት ለወንድ ልብስ ሰፊዎች ተጠብቆ ቀረ። ለዚህ ምክንያት ተደርጎ ይቀርብ የነበረው ሥራው ጉልበት ይጠይቃል የሚል ነበር። ለስላሳው ስፌት ለሴቶች ሲሰጥ ጫና የሚሸከመው ክፍል የወንዶች ሆነ። ለባሿ ግን በማናቸውም በኩል አልተጠየቀችም።

የብረት ዘመን

የ19ኛው መቶ ዓመት የኢንዱስትሪ አብዮት ወደ ኮርሴትም ገባ። ቀደም ሲል ማሰሪያው የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ዳር ዳራቸው በክር ብቻ የተዘመዘመ በመሆኑ ማሰሪያው ከልክ በላይ ሲሳብ ጨርቁ ከቀዳዳው ጀምሮ ይቀደድ ነበር። ውጥረት በቀዳዳ ጠርዝ ላይ እንደሚከማች ለመሐንዲስ አይነገረውም። በ1820ዎቹ መጨረሻ የብረት ቀለበት በቀዳዳው ላይ መግጠም ሲጀመር ይህ ደካማ ቦታ ጠነከረ። ጨርቁ በመጠንከሩም ማሰሪያውን ከቀድሞው አብልጦ መሳብ ተቻለ። ጨርቁ ቀድሞ በመቀደድ ያስጠነቅቅ የነበረው ወሰን በመነሣቱ የቀረው ወሰን የሰውነት ወሰን ብቻ ሆነ። አንዱን ክፍል ማጠንከር ጫናውን ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል ማስተላለፍ መሆኑን ይህ ትንሽ ቀለበት በሚገባ ያስረዳል።

በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ከፊት ለፊት በመንጠቆ የሚከፈት ሁለት የብረት ዝርግ ያለው ኮርሴት ተስፋፋ። በዚህም አንዲት ሴት ያለ ሎሌ እርዳታ ራሷ ልትለብሰውና ልታወልቀው ቻለች። ሲንጀር በ1851 የፈጠራ መብት ያገኘበት የስፌት መኪና ከመጣ በኋላ ደግሞ ኮርሴት በፋብሪካ በብዛት ተመረተ። በ1868 እንግሊዛዊው ኤድዊን አይዞድ ኮርሴቱን በብረት በተሠራ የሰውነት ቅርጽ ላይ ዘርግቶ፣ በስታርች አርሶ፣ በእንፋሎት የማጠንከሩን ዘዴ አስተዋወቀ። ቅርጹ አስቀድሞ በብረት ተወስኖ የሴቶች ሰውነት እርሱን እንዲከተል ተደረገ።

ሐኪሞች ዝም አላሉም። ጀርመናዊው የአካል አጥኚ ዞመሪንግ በ1788 ኮርሴት በጎድን አጥንትና በውስጥ አካላት ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ጽፎ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ኦፎሎዌል በበኩሉ በ1908 ባሳተመው ጥናቱ ኮርሴት የለበሱ ሴቶችን በራጅ አንሥቶ የጎድን አጥንታቸው እንዴት ወደ ውስጥ እንደተገፋ አሳይቷል። በሁለቱ መካከል 120 ዓመታት አልፈዋል። ኮርሴቱ ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ይሸጥ ነበር።

ብረት የገባው ወደ ኮርሴት ብቻ አልነበረም። ቀደም ሲል ጉርድን ለማስፋት ብዙ የተደራረቡ የውስጥ ጉርዶች ይለበሱ ስለነበር ክብደታቸው አድካሚ ነበር። በ1856 ከቀጫጭን የብረት ቀለበቶች የተሠራው ክሪኖሊን የተባለ የጉርድ ማስፊያ የፈጠራ መብት አገኘ። ሄንሪ ቤሰመር አዲሱን የብረት ማምረቻ ዘዴውን ለሕዝብ ያስታወቀውም በዚሁ ዓመት ነበር። ክሪኖሊን በመዋቅርነቱ የተሳካ ነበር ለማለት ይቻላል። በጥቂት ቁሳቁስ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ ብዙዎቹን ጉርዶች አስወግዶ ለእግር ነፃነት ይሰጣል። ቀለል ያለው የብረት ቀፎ በነፋስና በእርምጃ ስለሚወዛወዝም ከሥሩ ሙታንታ መልበስ በአውሮፓ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ሆነ። አማርኛ ይህን ቃል ያገኘው «ሙታንዴ» ከሚለው ጣሊያንኛ ሲሆን፣ የቃሉም መሠረት መለወጥ ነው፤ ሊለወጥ የሚገባው ልብስ እንደ ማለት ነው።

የክሪኖሊን ጉድለት የታየው በእሳት ነው። ሰፊው ጉርድ ከለባሿ ዓይን ርቆ ምድጃና ሻማ ይነካል፤ በቀፎው ውስጥ ያለው አየርም እሳቱን ያቀጣጥላል። ታኅሣሥ 8 ቀን 1863 በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ፣ በበዓል ዕለት በሻማና በመብራት ያሸበረቀ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ሲያያዝ ከ2000 በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሰፋፊዎቹ ጉርዶች እርስ በርስ ተጠላልፈው ወደ መውጫው መሮጥን አግደዋል፤ እሳቱንም ከአንዷ ወደ ሌላዋ አስተላልፈዋል። መዋቅሩ ሲነደፍ የታሰበው መቆሙ ብቻ ነበር። ለባሿ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ፣ በሕዝብ መካከል ስትጋፋ ምን ይሆናል ተብሎ አልተጠየቀም።

ጥያቄውን በግልጽ ያነሡት ሴቶች ናቸው። በ1881 በለንደን የተመሠረተው የምክንያታዊ አለባበስ ማኅበር ኮርሴትንና ከባድ ጉርድን ተቃወመ። የማኅበሩ አቋም እንደ ንድፍ መመዘኛ ሊቆጠር የሚችል ቁጥር ነበረው፤ ይኸውም የአንዲት ሴት የውስጥ ልብስ ጫማን ሳይጨምር ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3.2 ኪሎ ግራም ገደማ መብለጥ የለበትም የሚል ነው። ዛሬ ይህ ቁጥር እንደ ከፍተኛ ወሰን መቅረቡ የሚያስገርም ነው። ቅነሳ ተብሎ የተጠየቀው ይህ ከሆነ ቀድሞ ይሸከሙት የነበረውን መገመት አያዳግትም።

ጫናው ወደ ትከሻ ሲዛወር

በ1889 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጉስታቭ ኤፌል የብረት ግንቡን ለዓለም አሳየ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ ስሟ የታወቀ ሌላ ንድፍ አውጪ ነበረች። ኤርሚኒ ካዶል ኮርሴት ሠሪ ስትሆን፣ ያደረገችውም ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ኮርሴቱን ከመካከሉ ለሁለት ከፈለችው። የታችኛው ክፍል ወገብ ላይ ቀረ። የላይኛው ክፍል ግን በማንገቻ ከትከሻ ላይ ተንጠለጠለ።

ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ጡት ከታች ወደ ላይ በተገፋ ግትር ቅርፊት ይደገፍ ስለነበር መላው አሠራር በግፊት ላይ የቆመ ነበር። ካዶል ድጋፉን ወደ ውጥረት ለወጠችው። በምሰሶ ከመደገፍ በገመድ ወደ ማንጠልጠል እንደ መሸጋገር ያለ ነው። ጫናው ወደ ትከሻና ወደ ጀርባ ሲዛወር ወገብና ሆድ ለመተንፈስና ለመጎንበስ ነፃ ሆኑ። ግትር ዘንግም እያደር አስፈላጊነቱ ቀነሰ፤ ውጥረትን ለመሸከም ጨርቅ ይበቃልና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፈጠራዎች በዚሁ መንገድ ቀጠሉ። በ1893 በአሜሪካ ማሪ ቱሴክ ለየጡቱ የተለየ ከረጢት፣ በትከሻ ላይ የሚያልፍ ማንገቻና ከኋላ መንጠቆ ላለው የደረት መደገፊያ የፈጠራ መብት አገኘች። በኅዳር 1914 ደግሞ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች የኒውዮርክ ወጣት ለ«ጀርባ የለሽ ብራዚየር» ተመሳሳይ መብት ተሰጣት። የመጀመሪያውን የሠራችው ከሁለት የሐር መሐረቦችና ከጥብጣብ ነበር፤ ምክንያቱም ለጭፈራ የለበሰችው ስስ ቀሚስ የኮርሴቱን ዘንጎች ስለሚያሳብቅ ነው። መብቷን ዋርነር ለተባለው የኮርሴት ኩባንያ በ1500 ዶላር ሸጠችው። ይህ ኩባንያ በ1870ዎቹ የተመሠረተው በሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ሲሆን፣ ለጤና ይስማማል የሚሉትን ኮርሴት በመሸጥ የበለጸገ ነበር።

የጃኮብ ንድፍ ጡትን ወደ ደረት የሚጫን ዝርግ ጨርቅ ነበር። በ1920ዎቹ እንደ ወንድ ልጅ ደልዳላ ደረት ፋሽን በሆነበት ጊዜ ብዙዎች ይህንኑ መረጡ። በ1922 በኒውዮርክ ሜይደንፎርም የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ኢዳ ሮዘንታል፣ ባለቤቷ ዊልያምና ኢኒድ ቢሴት ግን የተለየ መንገድ ያዙ። ከሩሲያ ግዛት የተሰደደችው ኢዳ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሚሰፏቸው ቀሚሶች ደልዳላ ሰውነት ላይ አልስተካከል ስላሏቸው እንደ ሴቷ ተፈጥሮ የሚደግፍ ከረጢት ያለው የጡት መያዣ በቀሚሱ ውስጥ ይሰፉ ጀመር። ደንበኞች ቀሚሱን ትተው መያዣውን መጠየቅ በጀመሩ ጊዜ ዋናው ሥራቸው እርሱ ሆነ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካምፕ የተባለ ሌላ ድርጅት የከረጢቱን መጠን በፊደል ከኤ እስከ ዲ መደበ። በእንፋሎት በደነደነው ኮርሴት ዘመን ሰውነት ለልብሱ ይስተካከል ነበር። አሁን ልብሱ በሰውነቱ ልክ ይመደብ ጀመረ።

ላስቲክ፣ ናይለንና የአውሮፕላን ሠሪው ስሕተት

ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከርን ዘዴ ካገኘ ወዲህ ተለጣጭ ጨርቅ ለመሥራት ብዙ ተሞክሯል። እውነተኛው ውጤት የመጣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከፈሳሽ የጎማ ወተት ተስቦ የወጣ ቀጭን ክር በጥጥ ወይም በሐር ተጠቅልሎ ላስቴክስ በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። ከዚህ በኋላ ልብሱ ለባሿ ስትተነፍስ የሚሰፋ፣ ስትጎነበስ የሚከተል ሆነ። በገመድ መሳብ ቀረ።

ናይለንም ተከተለ። በዱፖንት ኩባንያ የዋላስ ካሮዘርስ የምርምር ቡድን በየካቲት 1935 ያገኘው ይህ ሰው ሠራሽ ክር በ1938 ለሕዝብ ተገለጸ፤ የናይለን ስቶኪንግም ግንቦት 15 ቀን 1940 በመላው አሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ናይለኑ ሁሉ ለፓራሹትና ለገመድ ተወሰደ። ከሴት እግር የተነሣው ክር የወታደርን ሕይወት በሰማይ ላይ ያንጠለጥል ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በፒትስበርግ ከተማ 13,000 ጥንድ ስቶኪንግ ለመግዛት 40,000 ያህል ሰዎች ተሰልፈው ግርግር መነሣቱ ሴቶች ይህን ቁሳቁስ ምን ያህል ይፈልጉት እንደነበር ያስረዳል።

በዚህ ዘመን ለመሐንዲሶች ትምህርት የሚሆን አንድ ድርጊት ተፈጽሟል። አውሮፕላን ሠሪውና የፊልም ባለሀብቱ ሃዋርድ ሂዩዝ «ዘ አውትሎው» የተባለውን፣ በ1943 ለእይታ የቀረበውን ፊልም ሲሠራ የተዋናይቷ የጄን ራስል የጡት መያዣ አላረካውም። ስለዚህ በአውሮፕላን ሥራ ዕውቀቱ ተመርቶ ስፌቱ የማይታይ፣ ጠንካራ ድጋፍ ያለው አዲስ መያዣ ነደፈላት። ወሬው በዓለም ተሰማ፤ ንድፉም የምሕንድስና ድል ተብሎ ለብዙ ዓመታት ተወራ። ተዋናይቷ ግን በ1985 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እውነቱን ገለጸች። የሂዩዝን መያዣ ለጥቂት ጊዜ ሞክራ ስላልተመቻት አውልቃ አስቀመጠችው። የራሷን መያዣ ለብሳ፣ ስፌቱ እንዳይታይ ስስ ወረቀት ደርባበት፣ ማንገቻውን ወደ ጎን ስባ ቀረጻ ቦታ ስትቀርብ ሂዩዝ ልዩነቱን አላወቀም።

ሂዩዝ በጫና ስሌት አይታማም። የጎደለው ለባሿን መጠየቅ ነበር። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው እንደሚባለው፣ የገዛ ሰውነቷን ከእርሷ በላይ አውቃለሁ ያለ መሐንዲስ በወረቀትና በጥብጣብ ተሸነፈ።

ከጡት መያዣ ፋብሪካ ወደ ጨረቃ

የዚህ ታሪክ ከፍተኛ ምዕራፍ የተጻፈው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። የጠፈር ልብስ ችግር በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። አየር በሌለበት ቦታ ሰው በሕይወት እንዲቆይ ልብሱ በአየር ግፊት መሞላት አለበት። በአፖሎ ልብስ ውስጥ የነበረው ግፊት 26 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ ማለትም በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ሩብ ገደማ ነበር። በዚህን ያህል ግፊት የተነፋ ልብስ እንደ ኳስ ይደርቃል። ጠፈርተኛው ክርኑን ሲያጥፍ የልብሱ ይዘት ከቀነሰ አየሩን በጉልበቱ መጭመቅ ይኖርበታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይዝላል። ስለዚህ ጠንካራ ሆኖ የሚታጠፍ፣ አየር የማያስወጣ ሆኖ ለሰውነት የሚስማማ፣ ሲታጠፍም ይዘቱ የማይለወጥ ልብስ ያስፈልጋል።

ጥብቅና ተጣጣፊ ልብስ በመሥራት የብዙ ዘመን ልምድ የነበራቸው የውስጥ ልብስ ሠሪዎች ናቸው። በ1935 የተቋቋመው የዉስተሩ ዴቪድ ክላርክ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው ለሴቶች የውስጥ ልብስ የሚሆን ሹራብ ጨርቅ በማምረት ነው። ኋላ ግን ለጦር አብራሪዎች የግፊት ልብስ ሠራ፤ በሰኔ 1965 ኤድ ዋይት ከጀሚኒ መንኮራኩር ወጥቶ በሕዋ ሲንሳፈፍ የለበሰውም የዚህን ኩባንያ ልብስ ነበር። ኢንተርናሽናል ላቴክስ ኮርፖሬሽን ደግሞ ሕዝቡ የሚያውቀው ፕሌይቴክስ በሚለው የንግድ ስሙ ሲሆን፣ ዝናው የጡት መያዣና ገርድል የተባለው ወገብና ዳሌ አጥባቂ የላቴክስ ልብስ ነበር።

ናሳ በ1962 የአፖሎን ልብስ ሥራ ሲሰጥ ይህን ኩባንያ የመደበው ሃሚልተን ስታንዳርድ ከተባለው የአውሮፕላን ዕቃ ሠሪ ሥር ነበር። የሁለቱ ድርጅቶች ትብብር ሳይሰምር ቀረ። በ1965 ናሳ የሃሚልተን ስታንዳርድን፣ የዴቪድ ክላርክንና የኢንተርናሽናል ላቴክስን ልብሶች አወዳደረ። አሸናፊው የጡት መያዣ ፋብሪካው ሆነ።

የመገጣጠሚያው መፍትሔ የሚደነቅ ነው። በትከሻ፣ በክርንና በጉልበት ላይ እንደ ወናፍ የተጣጠፈ የጎማ ክፍል ተደረገ፤ በአንድ በኩል ሲጨመደድ በሌላው በኩል ስለሚዘረጋ ይዘቱ እምብዛም አይለወጥም። ግፊቱ ወናፉን በቁመቱ እንዳይዘረጋው በጎኑ የሚያልፉ ገመዶች ውጥረቱን ይሸከማሉ። ጎማው ራሱ እንዳይነፋ በውስጡ ስስ የናይለን ሹራብ ጨርቅ ተቀብሮበታል። ይህ ጨርቅ ለጡት መያዣ ሥራ ይውል የነበረው ዓይነት ነው።

ልብሱን የሰፉት በዴላዌር ግዛት፣ በዶቨር ከተማ የነበሩት የኩባንያው ሴት ሠራተኞች ናቸው። ከመካከላቸው ቀደም ሲል በዚያው ድርጅት ውስጥ የጡት መያዣና የሕፃናት ልብስ ይሰፉ የነበሩ ነበሩ። ሙሉው ልብስ 21 ድርብርብ ነበረው። ስፌቱ ከተሰመረለት መሥመር ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ እንኳ ቢዛነፍ ሥራው ሊጣል ይችላል። በልብሱ ውስጥ የተረሳ አንድ ስፒል የጎማውን ከረጢት ቀድዶ ሰው ሊገድል ስለሚችል በስፒል መጠቀም በጥብቅ ተወሰነ፤ ልብሶቹም በራጅ ይመረመሩ ነበር። በጥር 1967 ሦስት ጠፈርተኞች በምድር ላይ በእሳት ከሞቱ በኋላ ደግሞ የውጪው ክፍል እሳት ከማይበላው የመስታወት ክር ጨርቅ እንዲሠራ ተወሰነ። ይህ ጨርቅ ለሰፊዎቹ እጅግ አስቸጋሪ ነበር።

ከናሳ መሐንዲሶች ጋር የነበረው አለመግባባትም ለሙያው ትምህርት አለው። የናሳ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ዕቃ ዝርዝር ሥዕል፣ ቁጥርና የፍተሻ ወረቀት ይጠይቃል። ስፌት ግን የሚሠራው በወረቀት ልኬት፣ በእጅና በዓይን ነው። ጨርቅ በስፌት ጊዜ ምን ያህል እንደሚሳብ፣ የትኛው ዙር ላይ መኪናው መዘግየት እንዳለበት ሰፊዋ ታውቀዋለች እንጂ በሥዕል ላይ አይሰፍርም። በመጨረሻ በሁለቱ መካከል የሚያስታርቁ መሐንዲሶች ተቀጥረው የሰፊዎቹን ሥራ ናሳ በሚቀበለው ቋንቋ ጻፉት። ልብሱ ከብዙ ክምር ወረቀት ጋር ተላከ። ዕውቀቱ የመነጨው ግን ከስፌት መኪናው ዘንድ ነበር።

በመስከረም 7 ቀን 1968 በአትላንቲክ ሲቲ የቁንጅና ውድድርን የተቃወሙ ሴቶች የጡት መያዣ፣ ገርድልና ባለ ተረከዝ ጫማ በቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ ጣሉ። አቃጠሉ ተብሎ ቢወራም በዕለቱ የተቃጠለ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ ከዚያ ብዙም ባልራቀችው ዶቨር፣ ሌሎች ሴቶች ከዚሁ ልብስ የወረሱትን ጥበብ ለጠፈርተኞች ያውሉት ነበር። ሁለቱ ድርጊቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አይቃረኑም። ወደ በርሜሉ የተጣለው ሌሎች በሴቶች ላይ የጫኑት ቅርጽ ነው። በዶቨር የተሰፋው ደግሞ ሰውነትን ያለ ማስገደድ የመያዝ ጥበብ ነው።

ሐምሌ 20 ቀን 1969 ኒል አርምስትሮንግና ባዝ ኦልድሪን በጨረቃ ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በላይ ለሆነ ጊዜ ከመንኮራኩራቸው ወጥተው ተራመዱ። እስከ 1972 ድረስ ጨረቃን የረገጡት 12 ሰዎች ሁሉ የለበሱት ከዚሁ ፋብሪካ የወጣውን ልብስ ነው። በጨረቃ ላይ ሳለ ከአንዳቸውም ልብሱ ከድቶ ለሞት አልዳረገውም።

ማጠቃለያ

የአርምስትሮንግ ልብስ በዋሽንግተን ብሔራዊ የአየርና የሕዋ ሙዚየም ይገኛል። ጎማው በጊዜ ብዛት እየደረቀ በመሄዱ ለብዙ ዓመታት ከእይታ ተነሥቶ፣ እንክብካቤ ተደርጎለት በሐምሌ 2019 እንደገና ለሕዝብ ቀርቧል። ተመልካቹ የሚያየው ነጩን የውጪ ጨርቅ ነው። ወናፉ፣ ናይለኑና ስፌቱ ከውስጥ ናቸው።

የውስጥ ልብስ ታሪክ ጫናው ከወገብ ወደ ትከሻ፣ ከግትር ዘንግ ወደ ተለጣጭ ክር የተዛወረበት ታሪክ ነው። የቁሳቁስ ዕድገት ብቻውን ግን ይህን አላመጣም። የብረት ቀለበቱ ኮርሴቱን ያጠነከረው ለለባሿ ጉዳት ነበር፤ የሂዩዝም ስሌት ከመሳቢያ አላለፈም። ለውጡ የመጣው የምትለብሰው፣ የምትሰፋውና የምትነድፈው ሴት አንድ ስትሆን ወይም እርስ በርስ ስትደማመጥ ነው። የካዶል፣ የቱሴክና የሮዘንታል ሥራ ይህን ያስረዳል፤ የዶቨር ሠራተኞች ሥራ ደግሞ አረጋግጦታል።

ለሙያው ባልደረቦች የሚተርፈውም ይኸው ነው። በየሥራው ቦታ ሥዕል የማያውቁ፣ ነገር ግን ቁሳቁሱን በእጃቸው የሚያውቁ ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ በያጆችና ሰፊዎች አሉ። ከሥዕሉ ማዶም ሕንፃውን የሚኖርበት፣ ድልድዩን የሚሻገር፣ ልብሱን የሚለብስ ሰው አለ። ጫናው የት ያርፋል የሚለው ጥያቄ በስሌት ከተመለሰ በኋላ ጫናው የሚያርፍበትን ሰው ሄዶ መጠየቅ የሙያው ግማሽ ሥራ ነው።